ካቻቢቴ በጣሊያኖቹ ቪላ

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ሁለተኛ ወሯን ስትይዝ፣ ከሰፈሬ ከሰንሻይን ሱቆችና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ሜልቦርንን እንዳላየች ድንገት ገባኝ። እኔ ዲር ፓርክ መጋዘን ሺፍት ስገባ እሷ ሶፋ ላይ ትውላለች። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ፣ አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ለእንግዳ የሚያከራየው ጥንታዊ ቪላ ቡክ አደረግሁ።

«ቪላ ለማየት ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የምንሄደው?» አለች መኪና ውስጥ። «ቪላማ ሰፈራችንም ሞልቷል።»

ስንደርስ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ዙሪያውን ታይ ጀመር። ጣሪያው በሥዕል ያበደ፣ ቁም ሣጥኑ ወይንና ወፍ የተቀረጸበት፣ አልጋው በደረጃ የሚወጣበት ቤት ነው። ወርቅ ቅቡን ወንበር ፈርታ የሻንጣዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ይሄን ሁሉ አሮጌ ዕቃ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ቆራሌው አልሰማም?»

ባለቤቲቱ ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ከዘራ ይዘው መስኮት ዳር ከተቀመጡት እናቷ ጋር አስተዋወቀችን። ስላረጁ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸዋል፤ የሚናገሩት ጣሊያንኛ ብቻ ነው፤ እሱንም አልፎ አልፎ።

እናቴ ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አለቻቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አላነሡም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቲቱ የእራት ነገር ልትገዛ ወጣች። እኔም ባለአንበሳ እግሩን የመታጠቢያ ገንዳ ካየሁ ጀምሮ አላስቻለኝም ነበርና መታጠቢያ ቤቱን ቆልፌ ገባሁ። ታጥቤ፣ ለብሼ ቁልፉን ባዞረው፣ በሩ ወይ ፍንክች። ስልኬ አልጋው ላይ ነው።

«እማዬ!»

«ወይ!»

«በሩ እምቢ አለኝ።»

«ግፊው!»

«ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።»

«እንግዲያው ሳቢው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ብስበውም ያው ነው። ወዲያው እናቴ አሮጊቷን ስታናግር ሰማሁ። «እትዬ፣ ልጄ ተቆልፎባታል። ሌላ ቁልፍ ይኖርዎታል?» በእንግሊዝኛም ሞከረች። «ዶር! ፕሮብሌም!» አሁንም ዝም።

ቁልፉን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከውስጥ በኩል በብሎን የታሰረ የብረት ሣጥን ነው።

«እማዬ፣ ካቻቢቴ ቢኖር ከዚህ እፈታው ነበር።»

«ካቻቢቴ ከየት ላምጣልሽ፣ እዚህ ሙዚየም ውስጥ?»

ያኔ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን ግን ጥርት ያለ።

«ካቻቪቴ?»

«አዎ! ካቻቢቴ!» እናቴ ጮኸች።

«ካቻቪቴ! ሲ፣ ሲ!»

የከዘራው ኳኳታ ራቀ፤ ተመልሶ መጣ። በበሩ ሥር ባለው ሰፊ ክፍተት እጀታው እንጨት የሆነ ካቻቢቴ ሾልኮ ገባ። ብሎኖቹን እየሳቅሁ ፈታኋቸው።

እናቴ ያሳደገችን ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እየሸጠች ነው። ያ ሁሉ የመካኒክ ቃል ከጣሊያን የመጣ መሆኑን እዚያ ሱቅ ውስጥ አንድም ቀን አስባው አታውቅም። አሁን ግን ቃል መደርደሩን አላቆም አለች። ስወጣ ወርቅ ቅቡ ወንበር ላይ ተመቻችታ፣ ከአሮጊቷ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥማ አገኘኋት።

«ፍሬን!» ትላለች። አሮጊቷ «ፍሬኖ!» ብለው ምንጣፉን በእግራቸው ይረግጣሉ።

«ካንዴላ!» አለች ቀጥላ። አሮጊቷ ተነሡና የብር መቅረዝ ከነሻማው አምጥተው አስታቀፏት።

«ኧረ የሞተሩን ነው!» እናቴ መቅረዙን ታቅፋ በሳቅ ፈረሰች።

ባለቤቲቱ የገበያ ዕቃዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ አገኘችን። የተፈታውን ቁልፍ አየች፣ መቅረዙን አየች፣ በአየር ላይ መሪ የሚያዞሩትን እናቷን አየች። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ። አባቷ አትክልት በካሚዮን ሲያመላልሱ እናቷ አጠገባቸው ተቀምጠው ይሄዱ እንደነበር ነገረችኝና፣ ሻንጣችንን የመታጠቢያ በሩ ወደማያስቸግር ሌላ ክፍል አስገባችልን። ያን ምሽት እራት የበላነው በመኪና ዕቃ ወሬ ነው። የጭስ ማውጫው ማርሚታም ለካ በእነሱ ቋንቋ ድስት ነው።

በማግስቱ ስንሄድ አሮጊቷ እስከ በሩ ሸኙን። የእናቴን እጅ ይዘው ረጅም ነገር አወሩ፤ እናቴም በየመሃሉ ራሷን ትነቀንቃለች፣ «አሜን» ትላለች፣ በመጨረሻም ጉንጫቸውን ደጋግማ ሳመች።

«ምን አሉሽ?» አልኳት ቁልቁለቱን ስንወርድ።

«እኔ ምኑን አውቄ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የመኪና ነገር አልነበረበትም።»