ዝም ብለሽ አልቅሽልኝ

እዚህ ንፋስ መውጫ የእድር ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር የግራ ጎኔን ይጠዘጥዘኛል። ከጆሮዬ ቀድሞ የሚሰማው ጎኔ ነው።

የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ ይታይሽ በታች ጋይንት የታወቀች አስለቃሽ ነበረች፤ ሰው ሲሞት ሙሾ እያወረደች ለቀስተኛውን የምታስለቅስ እሷ ነበረች። ልጅ ስላልወለደች ድምፄን ሰምታ ለሙያው እኔን መረጠች። ክረምት ክረምት፣ ዝናቡ ከቤት ሲያስቀረን፣ ከፊቷ አቁማ ግጥም ታስይዘኝ፣ ዜማውን ከሆዴ እስካወጣው ታስደግመኝ ነበር። በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ ማውረድ ሟርት ስለሆነ የምለማመደው ለሞተች ዶሮ፣ ጅብ ለበላው አህያ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆችም «የዶሮ አስለቃሽ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የገዛ ሙሾዬ ሆዴን አባብቶት እንባዬ ከመጣ ግን አክስቴ ጎኔን በጥፍሯ ትመዘልገኝ ነበር።

«አንቺ ካለቀስሽ ማን ሊያስለቅስ ነው? እንባ ድምፅ ይሰብራል። ዋጪው!»

መኸር ሲገባ እናቴ ታማ ተኛች። ገብሱ ታጭዶ ሳያልቅ አክስቴ ዶሮውንም አህያውንም አስትታ «ዛሬ ስለ አንዲት የቤት እመቤት ትይልኛለሽ» አለችኝ። ማን እንደሆነች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እናቴ ከመተኛቷ በፊት እሳቷን አመድ ስታለብስ እያየሁ ነበር ያደግሁት፤ እሱን አስቤ ገጠምሁ።

«እሳቷን አዳፍና ሄደች ወደ ማዶ፣
ማን ይቆሰቁሰው ቤቱ ሁሉ በርዶ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የእናቴ ሳል ቆመ።

«የማን ሙሾ ነው?» አለች።

«ማዶ የሞተች ሴት አለች። አንቺ ተኚ!» አለች አክስቴ።

«ታድላ» አለች እናቴ። «እሳቷን እንኳ አልረሱላትም።»

ገብሱ ሳይወቃ ሞተች። ለቅሶው ሜዳ ላይ ቆሜ ያንኑ ሙሾ አወረድሁ፤ ከንፈሬ ሲንቀጠቀጥ የአክስቴ ጥፍር ጎኔ ላይ ተሰካ፣ ድምፄም ሳይሰበር ጨረስሁ። ሕዝቡ ደረቱን እየመታ ተንሰቀሰቀ። አንዲት ሴት እጄን ይዛ «አፈር አይንካሽ! ለእናት እንዲህ ነው ማልቀስ» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ዓይን የደረቀው የእኔ ብቻ ነበር።

በጋውን በቅሎ እየተላከልኝ ከአርብ ገበያ እስከ ስማዳ ለለቅሶ እጠራ ጀመር፤ እየቆየም የሚመዘልገኝ ሰው አላስፈለገኝም። ባሌ መጀመሪያ ያየኝ በአባቱ ለቅሶ ላይ ነው። ከተጋባን በኋላ «የኔ ቀን ሲመጣ ሙሾ አልፈልግም፤ ዝም ብለሽ አልቅሽልኝ» ይለኝ ነበር። «ቀድሜህ ብሞትስ?» ስለው «እንግዲያማ እኔ ላወርድልሽ ነው፤ ጅቡም አገር ጥሎ ይጠፋል» ብሎ ያስቀኝ ነበር።

ዘንድሮ ቀደመኝ። ያኔ ሜዳው ሞልቶ ደረት ይመታ ነበር፤ አሁን ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፣ ሙሾ የጠየቀኝም የለም። እሱ የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ የቀረው የእኔ ድርሻ ብቻ ነው። ሴቶቹ ደረቅ ዓይኔን አይተው ሲንሾካሾኩ እጄን ከነጠላዬ ስር አስገብቼ ያንኑ ጎኔን በጥፍሬ መዘለግሁት፤ ደግሜም መዘለግሁት።

ነጠላዬን ደም ነካው። እንባዬ ግን እስካሁን አክስቴን እንደፈራ ነው።