ከኢልፖ ስም ፊት ያለው ባዶ ቦታ

ስለ ኢልፖ የሚጽፍ ሌላ ሰው ቢኖር እኔ ዝም እል ነበር። እዚያ ቤት ሁሉም ሲጽፉ ነው የሚውሉት፤ ግን የሚጽፉት ለኮምፒውተር እንጂ ለሰው አይደለም። እኔ የማጸዳው፣ ኩባያ የማጥበው፣ ቆሻሻ የማወጣው ነኝ። ታምፔሬ ከተማ ውስጥ፣ ድሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በነበረው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ፣ እነ ኢልፖ ጋ አስራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ።

የኩባንያው ሥራ የሳውና ተራ ማስያዝ ነው። በየአፓርታማው ምድር ቤት አንድ ሳውና፣ ራቁት ተቀምጠው በእንፋሎት የሚታጠኑበት ክፍል፣ አለ፤ ነዋሪው ብዙ ነው፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚገባ የሚወስነው እነሱ የሠሩት ፕሮግራም ነው። ቀላል ይመስላል። ለዚህ ቀላል ነገር አስራ አራት ሰው ቀኑን ሙሉ ግንባሩን ቋጥሮ ይውላል።

ከአስራ አራቱ ብዙ የቆየው ኢልፖ ነው፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት። ረጅም ነው፣ ጺሙ ሸብቷል፣ ክረምት ከበጋ በሱፍ ካልሲና በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው። የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ራሱ ገጣጥሞ ነው የሠራው፤ ሲመታው ቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚዘንብ ይመስላል። አጠገቡ የሚቀመጡት ጆሯቸውን ደፍነው ነው የሚሠሩት። እሱ ግን ሙዚቃ ስለሚወዱ ይመስለዋል።

አንድ ጊዜ መስኮቱ ላይ ያለችውን አበባ በራሱ ጊዜ ውሃ የሚያጠጣ ማሽን ልሥራ ብሎ ተነሳ። አበባዋን ማጠጣት ግማሽ ደቂቃ ነበር የሚፈጅበት። ማሽኑ ከጥር እስከ ግንቦት ፈጀ። በመሐል አበባዋን የሚያጠጣት ጠፍቶ ደረቀች። ማሽኑ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል፤ በየጠዋቱ ባዶውን ማሰሮ ያጠጣል፣ እኔም ከሥሩ እወለውላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኩሽናው ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የሁሉም ስም ተጽፎበታል። ሕጉ እንዲህ ነው። በስህተቱ የሌላውን ሰው ሥራ ያቆመ፣ ወይም ደንበኛ እስኪደውል ያደረሰ፣ በገዛ እጁ ኬክ ጋግሮ ያመጣል፣ ከስሙ ፊትም አንድ ሰረዝ ይሰመርበታል። ገዝቶ ማምጣት ክልክል ነው። አለቃቸው ቱካ ዘጠኝ ሰረዝ አለው፤ አለቃ ያደረጉት ኮድ እንዳይነካ ነው ይላሉ። ኦውቲ የምትባለው ዝምተኛዋ ፕሮግራመር ሦስት አላት። ከኢልፖ ስም ፊት ምንም የለም።

ይህ ምንም አለመኖር የኢልፖ ሀብት ነበር። አርብ አርብ ኩባያውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆማል።

«ስንዱ፣» ይለኛል፣ «በእኔ በኩል ስትወለውይ አትጨነቂ። የሚጠፋ ነገር የለም።»

ኬክ ሲመጣ ትልቁን ቁራጭ የሚያነሳው እሱ ነው። እየበላ፣ «የእኔ ምድጃ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀዝቃዛ ነው» ይላል። ጋግሮ ያመጣው ሰው እያየው።

ከሰባት ዓመት በፊት ደግሞ የክፍተቱ ጦርነት ነበር። እነሱ ሲጽፉ መስመሩን ከዳር ገባ አድርገው ነው የሚጀምሩት። ጥያቄው ያ ክፍተት በአንድ ትልቅ ቁልፍ ይሁን ወይስ ትንሹ አራት ጊዜ ይመታ የሚል ነበር። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለዚህ ሁለት ሳምንት ተጣሉ፤ ምሳ አብረው የማይበሉ ሰዎች ነበሩ። ኢልፖ የአራት ጊዜው ወገን ነበር፣ አሸነፈም። ያን ጊዜ አዲስ የነበረችውን ኦውቲን፣ «የቤቱን ኮድ በሙሉ አስተካክይ» አላት። ቃል ሳትነካ፣ ከመስመሩ ፊት ያለውን ክፍተት ብቻ እየቀየረች ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት።

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ፣ እዚህ አገር ለክረምት ብለው ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመልሱበት እሁድ፣ ፕሮግራሙ ተሳከረ። ሰዓቱ ሳይቀየር ተራ የያዘና ከተቀየረ በኋላ የያዘ ሰው ተደራረበ። በፊት የሚያዘው የዕለቱ ተራ ብቻ ስለነበር ስህተቱ አልታየም። አንድ ጡረታ የወጣ ቄስ ከሚስቱ ጋር ፎጣ አገልድሞ የሳውናውን በር ሲከፍት፣ የጥርስ ሐኪሙ ከነልጆቹና ከነአማቱ እንደተፈጠሩ ተቀምጠዋል። ቄሱ ሰላምታ ሰጥቶ ታችኛው መደዳ ላይ ተቀመጠ አሉ። ሰኞ ጠዋት ስልክ የደወለችው ሚስቱ ናት። ከእሷ በኋላ አርባ ቤት ደወለ።

ኢልፖ ደስ አለው። ይህን መደበቅ አልችልም፤ የሰው ስህተት ፍለጋ ሲጀምር ጉንጩ ይቀላል። አንድ ሰዓት ሳይሞላው የተሳሳተችዋን መስመር አገኛት።

«ኑ እዩ» አለ። «ሰዓቱ ተቀየረ አልተቀየረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዝም ብሎ ሁልጊዜ ያንኑ ሰዓት ይደምራል። ማን ነው ይቺን የጻፋት? ልጁ ሰክሮ ነበር?»

ሁሉም ከኋላው ተሰበሰቡ። መስመሯ አጠገብ አጭር ማስታወሻ ነበረች። ኢልፖ ድምፁን ቀጠን አድርጎ አነበባት። «ለጊዜው ነው። በኋላ አስተካክላለሁ።» ከዚያ ሳቀ። «እንዲህ ዓይነቱን ሰው አንድ ኬክ አይበቃውም። አንድ ወር ይጋግር።»

እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳይ መዝገብ አላቸው። ቁልፉን ተጫነው። የኦውቲ ስም ወጣ።

«ኦውቲ፣ ምን ዓይነት ኬክ ነው የምትሠሪልን?»

«እኔ አልጻፍኩትም።»

«መዝገቡ አይዋሽም እኮ።»

«አይዋሽም» አለች፤ ከወንበሯ አልተነሳችም። «ግን የሚያሳይህ መጨረሻ የነካውን እጅ ነው። እኔ ክፍተቱን ነው ያስተካከልኩት። ያስተካከልኩትም አንተ ስላዘዝከኝ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂድ።»

«ለአንድ ኬክ ይሄን ያህል—»

«ሂድ እንጂ።»

እኔ በዚያ ሰዓት ከጠረጴዛው ሥር ቅርጫት እያወጣሁ ነበር። ከዚያ የሚታየኝ ካልሲው ብቻ ነው። የእግሩ ጣቶች ካልሲው ውስጥ ሲታጠፉ አየሁ። ቀና ስል ጆሮው ፍም መስሏል። ስክሪኑ ላይ ኢልፖ ይላል። የዛሬ አስራ ሁለት ዓመት፣ ሐምሌ፣ አርብ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ ዕረፍት ሊወጣ ሲል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ትዝ አለኝ፤ ግን ቅርጫቱን ይዤ ወጣሁ።

የሳውናው ስህተት በአስር ደቂቃ ተስተካከለ። የኬኩ ስብሰባ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ኢልፖ፣ «ሕጉ ሲወጣ ይቺ መስመር ነበረች፤ ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም» አለ። ሌላው፣ «ስህተቱ የተፈጠረው ሲጻፍ ነው ወይስ ቄሱ በሩን ሲከፍት?» አለ። አንዱ ሥዕል ሠርቶ አስረዳ። ሻይ ሳስገባ ወደ አራተኛው ሥዕል ደርሰው ነበር። በመጨረሻ ቱካ፣ «ኢልፖ፣ አርብ ጋግረህ ና» አለው፣ አለቀ።

ሳምንቱን ኢልፖ የዱቄት ዓይነት የሚያወዳድር ሰንጠረዥ ሲሠራ ሰነበተ። ረቡዕ የምድጃውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አዘዘ። ሐሙስ መሣሪያው ትክክል መሆኑን የሚለካ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል አለ። ዱቄት ግን ገዛሁ ሲል አልሰማሁም።

አርብ ኬኩ መጣ። በኢልፖ ቆርቆሮ ሳህን፣ ጥቁር ቸኮሌት፣ ዙሪያው እንደተሳለ የተስተካከለ። ሁሉም ከበው አዩት።

«ይሄን አንተ ነህ የጋገርከው?» አለች ኦውቲ።

«ሰው ሲያስብበት ይወጣለታል።»

ቱካ ቀረብ አለ። ቱካ እንቁላልም ወተትም አይቀምስም፤ ኬክ በመጣ ቁጥር ፖም ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። የራሱን ዘጠኙንም ኬክ አልቀመሰውም፤ የተለመደውን ካላመጣህ አንበላም ብለውት ነው። «ኢልፖ፣ እንቁላል አለበት?» ብሎ ጠየቀ። እጁ ሳህኑ አጠገብ ደርሷል።

ኢልፖ ኦውቲን አያት። ኦውቲ እሱን ታየዋለች።

«አራት» አለ ኢልፖ። «ትልልቅ እንቁላል። ቅቤም አለበት፣ ግማሽ ፓኮ።»

ቱካ እጁን መለሰና ፖሙን አነሳ።

እኔ ያን ዕለት ጠዋት ቆሻሻ ለይቻለሁ። ካርቶን ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ ነው። በኢልፖ ቅርጫት ታች፣ በወረቀት የተሸፈነ፣ በእግር የተረገጠ የኬክ ካርቶን ነበር። በትልልቅ አረንጓዴ ፊደል «እንቁላልና ወተት የሌለበት» ይላል። ያገኘውን አንስቶ መሆን አለበት፤ ኢልፖ ከራሱ ጽሑፍ በቀር ምንም አያነብም።

አልናገርም ብዬ ነበር። በአስራ አንድ ዓመት በእነሱ ወሬ መሐል ገብቼ አላውቅም። ግን ቱካ ፖሙን ሲገምጥ ዓይኑ ኬኩ ላይ ነበር።

«ቱካ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፣ ደገምኩት። «ቱካ፣ ብላው። እንቁላል የለበትም።»

አስራ አራቱም ዞሩ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አለኝ አንዱ።

ወለሉን አየሁ።

«ካርቶኑን የምትለየው እሷ ናት» አለ ኢልፖ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ቱካ ፖሙን አስቀምጦ ትልቁን ቁራጭ አነሳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በላ። ኢልፖ ራሱ ሄዶ ከስሙ ፊት አንድ ሰረዝ አሰመረ። ብዕሩን ሊከድን ሲል ኦውቲ፣ «ሁለት ነው» አለችው። «አንዱ ለቄሱ፣ አንዱ ለእንቁላሉ።» አሰመረ።

ሰኞ እውነተኛውን አመጣ። መሐሉ ሰርጉዷል፣ ዳሩ ከስሏል፣ እንቁላል የለበትም። ቱካ ሁለት ቁራጭ በላለት። ሌሎቹ በሻይ አወራረዱት። ኢልፖ በዚያ ቀን ትልቁን ቁራጭ አላነሳም።

አሁንም አርብ አርብ ኩባያውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። ባለፈው ግራ ቀኙን አየና ጠጋ አለኝ።

«ስንዱ፣ ይሄ ሰሌዳ ቆሽሿል። በእኔ በኩል ጠንከር አድርገሽ ብትወለውይው ምን አለ?»

«እሺ» አልኩት።

ከእሱ ስም ላይና ታች ጠንከር አድርጌ ወለወልኩ። ሁለቱ ሰረዞች ጋ ስደርስ ግን ጨርቁን አነሳሁ።