ነጭ ራስ ቤት

በእኛ ቤት ሴት ልጅ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ራሷ ይሸብታል። የእናቴ እናትም እንዲሁ ነበረች ይባላል። እናቴን የኢሉባቦሯ ቡሬ ሰው ሁሉ «መታ አዲ» እያለ ነበር የሚጠራት፤ በኦሮምኛ ነጭ ራስ ማለት ነው። እሷ ቅርም አይላትም። ገበያ ስትወርድ ሻሽ አታስርም፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ያንን ጥጥ የመሰለ ራሷን ለፀሐይም ለዝናብም ሰጥታ ትሄዳለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ገበያ መሀል ስትጠፋብን የምንፈልገው ፊቷን ሳይሆን ራሷን ነበር። ስንጠራት ደግሞ «ወዬ» ትለናለች፣ ሳብ አድርጋ። ብትቆጣም «ወዬ» ነው፣ ብትታመምም «ወዬ» ነው። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጣልያን ሊገባ ነው ሲባል አባቴ ጎሬ ኬላ ላይ ይሠራ ነበር። ወንድሜን ይዞ በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን ሊሸሽ ተነሣ። እናቴ ያን ጊዜ ንዳድ ጥሏት አልጋ ላይ ነበረች፤ እኔ ላስታምማት ቀረሁ። «ሲሻላት ተከተሉን» ብሎን ሄደ። ወንድሜ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በቅሎዋ ላይ ከአባቴ ፊት ተቀምጦ ዞር እያለ «እማዬ» ይላል፤ እሷ ከአልጋዋ ሆና «ወዬ» ትላለች። ድምፁ እስኪርቅ ድረስ እንዲያ ሲባባሉ ቆዩ። ከዚያ ጠላት ገባ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ እኛም ቀረን።

አባቴ እዚያው በሰው አገር መሞቱን ከዓመታት በኋላ ሰማን። የልጁን ነገር ግን አየሁ የሚል ጠፋ። ንጉሡ ተመልሰው አገር ሲረጋጋ የእናቴ ሥራ ክረምት መጠበቅ ሆነ። ባሮ ሞልቶ መርከብ ከሱዳን እስከ ጋምቤላ የሚመጣው በክረምት ብቻ ነውና፣ ቡና አውርደው ጨው ጭነው የሚመለሱትን ነጋዴዎች ደጅ ላይ ቆማ ትጠይቃለች። ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድባት «ኧረ ሻሽ እሰሪ፣ ብርድ ይመታሻል» ስላት «ተይኝ፣ ሲመጣ በምን ያውቀኛል?» ነበር መልሷ። ሲመጣ ሳታይ ሞተች። እኔም እንደ ወጉ ፀጉሬን ተላጨሁ፤ ተመልሶ ሲበቅል ግማሹ ነጭ ሆኖ በቀለ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ እኔ እንደሷ አልቻልኩም። ቁንጅናዬን እወድ ነበር፤ ይህን በመናገሬ የሚያፍርልኝ ካለ ይፈርልኝ። ባሌን ፈትቼ መቱ ገብቼ ጠጅ ቤት ከፍቻለሁ። ባለጠጇ ከሸበተች ጠጁም ኮምጥጧል የሚል ጠጪ ባለበት አገር ነጭ ራስ ይዤ ብርሌ ላዞር ነው? ገበያው ጥግ አንድ የመናዊ ሱቅ ነበረው። በትንሽ ቆርቆሮ የሚመጣ ጥቁር ዱቄት ይሸጣል። ሰው እንዳያይብኝ ከሻይ ቅጠል ጋር ጠቅልሎ ይሰጠኛል። «ይህ ነገር ከዚህ ባንኮኒ እንዳያልፍ» ብዬ አስምዬዋለሁ፤ እሱም በአላህ ስም ምሎልኛል።

ቀለሙን ጓሮ ሄጄ በአሮጌ ስኒ እበጠብጥና ራሴን ተቀብቼ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍኜ እቀመጣለሁ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ ምሥጢር አይጠብቅም፤ አንድ ጊዜ ሳልዘጋጅ ያዘኝና ጥቁሩ በአንገቴ ወርዶ ነጠላዬን አበላሸው። ከዚያ ወዲህ ያለ ሻሽ ከቤት አልወጣም። በተለይ ቡሬ ለእናቴ ተዝካር ስሄድ እስከ ግንባሬ ነበር የምጠመጥመው። የእናቴ ወዳጆች ራሴን አጥቁሬ እንዲያዩኝ አልፈለግሁም። ጠጅ ቤት መክፈቴንም አልነገርኳቸው፤ ንግድ ላይ ነኝ ብዬ ነው ያለፍኩት። እንዲህ ሆኜ ዓመታት ሄዱ።

አንድ መስከረም፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቀለሜ ሊያልቅ ደርሶ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ሲያየኝ ፊቱ በራ። ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ትናንት አንድ ወጣት መጥቶ ነበር። መቱ ውስጥ ራሷ የነጣ ሴት አለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሞኝ ነኝ? የለችም አልኩት። ተመልሶ መጣ፤ አሁንም የለችም አልኩት።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ከሱዳን የመጣ ይመስላል፤ አማርኛው ይሰናከላል። እናቴ ናት ይላል። አንቺ የት ልጅ አለሽ? ተንኮል ነው ብዬ ሸኘሁት።»

ወንድሜ ነው አልኩ በልቤ። እዚያው የጨው ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው ምሥጢሬን ጠብቆ ምስጋና ሲጠብቅ እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ተነሣሁና ቡና የሚጫንበት ድረስ ነጠላዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። የጋምቤላው መኪና ጠዋት ወጥቷል አሉኝ። አንድ ባዕድ ልጅ ከጆንያው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ባሮ ሳይጎድል መርከቡን ልድረስበት ብሎ ሲቻኮል ነበር አሉ። ጎሬ ድረስ የሚወስደኝ ሌላ መኪና በዚያ ቀን አልነበረም።

ባለሱቁን አልተቆጣሁትም። በምን አፌ? ጠብቅ ያልኩትን ነው የጠበቀው። ነገር ግን መቱ መሆኔን ነግሮ የላከው የቡሬ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ፤ መኪና ሳገኝ ወረድኩ። የእናቴ ጎረቤት የነበሩት አሮጊት በሩ ላይ ሲያዩኝ ደስ ብሏቸው ተነሡ።

«መጣልሽ አይደል?» አሉኝ። «ወደ አንቺ እኮ ነው የላክሁት።»

አልመጣም አልኳቸው። ደነገጡ። ልጁ ደጃቸው ድረስ መጥቶ «እማዬ የት ናት?» ብሏቸዋል። ከአገሩ የሚያስታውሰው ቡሬ የሚባል ከተማና የነጣ ራስ ብቻ ነበር።

«ታዲያ መሞቷን አልነገሩትም?»

«መርዶ መንገድ ላይ ይነገራል እንዴ ልጄ? ብቻውን ነው፤ አብሮት የሚያለቅስ ዘመድ የለው። መቱ ከእህትህ ጋ ሄዳለች አልኩት። አንቺ ጋ ሲደርስ ሰው ሰብስበሽ ትነግሪው የለም?»

ትክክል ናቸው። በእኛ አገር መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገር፤ ለመንገደኛ ግን ይዋሻል፤ ቤቱ እስኪገባ፣ እህል እስኪቀምስ ይደበቃል። እሳቸው የሚገባውን ነበር ያደረጉት።

«ስሜን ነገሩት?»

ነግረውታል። የነገሩት ግን እናቴ የምትጠራኝን የልጅነት ስም ነው፤ መቱ ውስጥ ያንን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም «ባለጠጇ እትዬ» ነው የሚለኝ።

«በስምሽ ባያገኝሽ ብዬ ‹ነጭ ራስ ቤት ብለህ ጠይቅ› አልኩት» አሉ አሮጊቷ። «መቼም በዚህ ዕድሜሽ እንደ እናትሽ ነጥተሻል ብዬ ነው። እናንተ ቤት እስካሁን ሳይሸብት የቆየ ሴት አለ?»

ሻሼን ፈታሁት። ያንን ቁራ የመሰለ ራሴን አዩት፣ ቀስ ብለውም «አበስኩ ገበርኩ» አሉ። እኔ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ከቡሬ ስመለስ የቀረችኝን ቀለም ጓሮ ደፋኋት። ሽበት ተገለጠልኝ፣ እግዜር የሰጠኝን ተቀበልኩ የሚባል ነገር የለም፤ አልተቀበልኩም። ልጁ የሚያውቀው ነጭ ራስ ነው፤ በሚመጣው ክረምት ከመጣ ነጭ ራስ ያገኛል። ያለኝ ሐሳብ ይኸው ብቻ ነበር።

ወይ የሰው አፍ። ሥሩ ነጭ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ወራት ስቆይ ያልተባልኩት የለም። አንድ ሾፌር ብርሌውን ይዞ «እትዬ፣ ራስዎን በረዶ መታው እንዴ?» አለኝ። «ጠጣና ሂድ፣ አንተንም ይመታሃል» አልኩት። ጠጁ ከረረ የሚሉም ተነሡ፤ ከዚያው ጠጅ ግን ሲደግሙ አያለሁ። እቃ የምታጥብልኝ ሴት ጥቁሩን ጫፍ በመቀስ ስትቆርጥልኝ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ያልጠበቅሁት ነገር መስታወቱ ነው። ነጩ እየረዘመ ሲመጣ ግንባሬ፣ ጉንጬ፣ ዓይኔ ሳይቀር ሌላ ሰው መሰለ። አንድ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ቀና ስል እናቴ ቆማለች። አልደነገጥኩም። እዚያው ፎጣውን እንደያዝኩ «እማዬ» አልኩ፤ ማንም አልመለሰልኝም። ናፈቀችኝ። ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ ትናንት የተለየችኝ ያህል ናፈቀችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ፊቷን በገዛ እጄ ሸፍኜ ስዞር እንደነበር ያን ጠዋት ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ሳልቆም ሥራ አልጀምርም።

ክረምት ሲገባ በራፌ ላይ በርጩማ አውጥቼ ራሴን ገልጬ ተቀመጥኩ። ከጋምቤላ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ «ነጭ ራስ ቤት» ብሎ እንዲያወራ ጠጅ በነፃ አስቀዳሁለት። ባለሱቁም የፈጸመው ነገር እንቅልፍ ነስቶት መጻተኛ ባየ ቁጥር እየጎተተ ወደ እኔ ያመጣል፤ አንዴ አንድ የግሪክ ቡና ነጋዴ ሳይወድ በግድ አምጥቶብኛል። መኪናው ይመጣል፣ ሰዎች ይወርዳሉ፣ እኔ አንገቴን አስግጌ አያለሁ፣ መኪናው ይሄዳል። ያን ክረምት አልመጣም። በመቱ በኩል የሚያልፈው የሶር ወንዝ ሞላ፣ ጎደለ፣ መርከቡም ሄደ ተባለ። እናቴ ስንቱን ክረምት እንዲህ ቆመች! እኔ ሻሽ እሰሪ እያልኩ ስነዘንዛት ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ግን ሐምሌ ላይ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ከብዷል። ከቡና መኪና ላይ አንድ ረጅም ልጅ የቆርቆሮ ሳጥን ይዞ ወረደ። ሾፌሩ ወደ እኔ ቤት ጠቆመው። ልጁ ዝናቡ ውስጥ መንገዱ ማዶ ቆሞ ራሴን ያያል፤ ራሴን ብቻ። የአባቴ ትከሻ ነው ያለው። ዓመት ሙሉ ስለማመደው የነበረውን ነገር፣ «እህትህ ነኝ» የሚለውን ልናገር ከበርጩማዬ ተነሣሁ።

«እማዬ» አለኝ።

በእግዜር ስም፣ አስቤው አይደለም። አፌ ነው የመለሰው።

«ወዬ» አልኩት።

ሳጥኑን ጭቃው ላይ ጥሎ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። አነሣሁት፣ አስገባሁት፣ እግሩን አጠብኩት፣ አበላሁት። መርዶ ሳይበላ ሳያርፍ አይነገርም፤ ስለዚህ «እማዬ» እንዲለኝ ተውኩት። ስለ አባታችን፣ ስላሳደጉት ሰዎች፣ ስለ መርከቡ ሥራው ሲያወራልኝ «እማዬ» እያለ ነው፤ እኔም «ወዬ» እያልኩ ነው። ፊቴን ሳያይብኝ ዞር ብዬ እቃ አጣቢዬን ላክሁና ካህኑንና ሽማግሌዎቹን አስጠራሁ። ባለሱቁ ሳይጠራ መጣ።

ጎህ ሲቀድ ነገሩት። አለቀሰ፤ ሁላችንም አለቀስን፤ ባለሱቁ በአረብኛ አለቀሰ። ፀሐይ ወጥታ ሰው ቀዝቀዝ ሲል ወንድሜ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ይቅር በለኝ፣ መዋሸቴ አይደለም፣ ወጉ ነው ልለው ስጀምር እጄን ያዘኝ።

«አውቄ ነበር» አለኝ። «በሩ ላይ እንዳየሁሽ ነው ያወቅሁት። እናቴ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ሳታረጅ ትቆያለች? አንቺ እህቴ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን እማዬ አልከኝ?»

ራሴን አየ፤ በእጁ መዳፍ ነጩን ፀጉሬን ነካ አደረገው።

«ወዬ የሚለኝ ሰው ካለ ብዬ ነው፣ እታለም።»