እምቢ የማያውቀው በረዶ ጠራጊ

ደርበው በረዶ ፈርቶ አያውቅም። የሚፈራው ሽማግሌ ነው። ፒካፑ አፍንጫ ላይ የታሰረው የብረት መግፊያ ጉልበት ድረስ የተቆለለ በረዶ ገፍቶ ያልፋል፤ ደጃፏ ላይ መጥረጊያ ይዛ የቆመች አሮጊት ዐይቶ ማለፍ ግን አይሆንለትም። የካናዳዋ ካልጋሪ አበሻ ይህን ጠባዩን «የጨዋ ልጅ» ይለዋል። ብሎም አልቀረም፣ በጨዋነቱ ደጁን ያስጠርግበታል።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ የደርበው ዋና ደንበኛ ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ነበር። እሱን ካጣ ፒካፑን ሸጦ ወደ ድሮው መጋዘን፣ ወደ ናይት ሺፍቱ መመለሱ ነው። ሐኪሙ ረጋ ያለ ፈረንጅ ነው፤ ደርበው ሁለቴ አርፍዶበት ሁለቴም ታግሦታል። በመጨረሻ ግን፣ «ከእንግዲህ በሽተኞቼ ከመምጣታቸው በፊት ካልጠረግህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለው። ደርበው በጊዮርጊስ ማለ።

ሳምንት ሳይሞላ ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ። ደርበው ማልዶ የበረዶ ማቅለጫ ጨዉን ጭኖ ወጣ። መንገዱ በአሮጊቷ በእትዬ ብዙአየሁ ደጅ ነው። በሌላ በኩል መዞር ይችል ነበር፤ ግን ሸሸኝ ቢሉስ? እትዬ ጃኬታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አንተ ደርበው! እንዳላየ ልታልፈኝ ነው?»

«ኧረ እትዬ! ሥራ ረፍዶብኝ ነው።»

«ወድቄ ወገቤ ቢሰበር ሥራህ ያስታምመኛል? አንዴ ገፋ አድርገው፤ ለመኪናው ምኑ ነው!»

ገፋ አደረገው። ይሄኔ ከማዶ ጋሼ አድማሱ በፒጃማቸው ብቅ አሉ።

«እኔስ? የእንጀራ ልጅ ነኝ?»

የእሳቸውንም ጠረገ። ሲጨርስ እትዬ እጁን ይዘው አስገቡት፤ በባዶ ሆድ ከደጃቸው ሰው አይሄድም። ክሊኒኩ የሚጠራበት ፔጀር ወገቡ ላይ ይንጫጫል፣ እሱ ፍርፍር ይጎርሳል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይላሉ እትዬ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለሉ።

ክሊኒኩ ሲደርስ ሐኪሙ ራሱ በረዶው አንሸራቶት በሩ ሥር ተዘርፍጧል። አንዲት ባልቴት፣ የዕለቱ የመጀመሪያ በሽተኛ፣ ሊያነሡት እጃቸውን ዘርግተዋል። ሐኪሙ አልጮኸም። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና፣ «አመሰግናለሁ ደርበው፤ እዚህ ላይ ይበቃናል» አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ጋሼ አድማሱ ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

«ዘረኛ ነው ልጄ! ጥቁር ሠርቶ ሲያልፍለት ዓይናቸው ይቀላል።»

«ምን ጥያቄ አለው» አሉ እትዬ ብዙአየሁ። «እንዲህ ያለ ታታሪ ልጅ!»

ደርበው አፉን ከፈተ። የሐኪሙ ትዕግሥት፣ ያን ጠዋት እሱ የት እንዳረፈደ፣ የማን ፍርፍር እንዳስቀረው፣ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ታላቅ ፊት ይነገራል?

«ሳይሆን አይቀርም፣ ጋሼ» አለ።

«አይዞህ፣ እኛ አለንልህ» አሉ ጋሼ። «ነገም ይጥላል ብለዋል፤ እንግዲህ የሚያስቸኩልህ ስለሌለ የጓሮውንም ትጠርግልኛለህ።»