አጭሩ ጠመንጃና የቅበላው አጋዘን

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ምስር ስለቅም፣ ውድብሪጅ የሚኖረው ልጄ ከጠመንጃ መደብር ውስጥ ኮል አደረገኝ። "ማሚ፣ ሾርቱን ልውሰድ ሎንጉን? ዳዲ ፎኑን አያነሳም።" የሚፈልገው ጥይቱ ወፍራም የሆነ፣ ከቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት የሚያቀባብል ጠመንጃ ነው። ሳቄ መጣ። ይኸው የአፈሙዝ ማጠርና መርዘም በወጣትነቴ ትዳሬን ሊያስቀርብኝ ነበር።

ያኔ አሌክሳንድሪያ ከአባቴ ከአባባ ጋር እኖር ነበር። አባባ አገር ቤት ቆላ ወርደው ሲያድኑ ያረጁ ሰው ናቸው። የዛሬው ባለቤቴ ጌታቸው ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ሲሰሙ፣ አብሯቸው አድኖ ያላዩትን ሰው እንደማያውቁት ተናገሩ። የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ስለነበር ለቅበላው የአጋዘን ሥጋ አበላለሁ ብለው ዘመድ ሁሉ ጠርተዋል።

ከሴቨን ኮርነርስ ወዲያ ካለ የጠመንጃ መደብር ሦስታችን ሄድን፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አባባ ረጅሙን አንስተው መሬት ላይ አቆሙትና ወደዱት። አጭር ጠመንጃ ለእሳቸው የዘበኛ ነው። ጌታቸው ዝም እንዲል እግሩን ብረግጠው አልገባውም፤ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ረጅሙን ቅርንጫፍ ይይዘዋል፣ የምንተኩሰውም ከቅርብ ነው እያለ አስረዳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ አባባ አጭሩን በስማቸው ገዙ።

"ያልከውን ገዝቻለሁ" አሉት። "ሥጋ ካልገባ ግን ሽማግሌ እንዳትልክብኝ።"

በማለዳ ወደ ተራራው ነዳን። እንድናድን የፈቀደልን ሰው የፖም እርሻ ተለቅሞ አልቋል፤ የወደቀው ፍሬ ሽታ መኪናችን ውስጥ ድረስ ይገባል። ዳቦና ቋንጣ ይዘናል።

አጋዘኑ ከጥዶቹ መሀል ብቅ ሲል አባባ አፈፍ አድርገው ተኮሱ። ረጅሙ ቢሆን ኖሮ በእውነት ቅርንጫፍ ይይዘው ነበር። አጋዘኑ ባለበት ወደቀ። በእኛ ዘንድ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ በክት ነው፣ አይበላም። ጌታቸው ቢላውን ይዞ ሮጠ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ጎንበስ አለ። እጁ አይታየንም። አንዴ ቢቆርጠው ማን ያውቅበታል? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቁረጠው እያልኩ ጸለይኩ።

ቀና ሲል ቢላው ንጹሕ ነበር።

"አባባ፣ ነፍሱ ወጥታለች። አልደረስኩበትም።"

እንዲህ ያለ ወፍራም ጥይት ለቢላ ጊዜ አይሰጥም። ስለ አፈሙዝ ያን ያህል ሲከራከሩ ይህን ያሰበ አልነበረም። አባባ ቀለሁን አስፈንጥረው ጣሉ፤ አጋዘኑን ለመሬቱ ባለቤት ሰጥተን ተመለስን። እኔ መንገዱን ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ። ቤታችን ልንደርስ ስንል አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ" አሉ። "ሽሮ እናበላቸዋለን።"

ልጄ አሁንም መስመር ላይ ነው። ጌታቸው ከቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ጥያቄውን ስነግረው ነጠላውን ሳያወልቅ "አጭሩን ይውሰድ" አለ። አባባ እስኪሞቱ ድረስ ረጅሙ ይሻል ነበር እንዳሉ ኖሩ። በጠመንጃው አልተረቱም፤ በሰውየው ግን ያን ቀን እዚያው ደኑ ውስጥ ተረትተዋል።