ሩቅ መቺው አማቼ

የጎልፍ ነገር ምን እንዳስከፈለኝ አስቀድሜ ልናገር። አንድ አማችና አንድ ሹታፍ። ሹታፍ እዚህ አገር የንግድ ሸሪክ ማለት ነው። ሁለቱም አንድ ሰው ስለነበሩ ኪሳራው በአፍ ሲነገር ያንሳል። በዚያ ላይ የአርብ ማታ የሰንበት ማዕዴ ሰላሙን አጥቷል። የጎልፍ ዱላ በእጄ የያዝኩት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ በውድ ተገዝቶ ለምንም ያልሆነ ዕቃ በሱቄ ገብቶ አያውቅም።

ሱቃችን ናታንያ ከተማ፣ ሹክ በሚሉት ገበያ አፍ ላይ ናት። ድስት፣ ብርድ ልብስና ሻንጣ እንሸጣለን። ሰው ሲያገባ ድስት፣ ሲወልድ ብርድ ልብስ፣ ሲጣላ ሻንጣ ይገዛል፤ ስለዚህ ገበያው አይነጥፍም። እኔ ትምህርት ቤቴ ገበያው ነው። ከአገር ቤት ከመጣን ጀምሮ እዚያው ቆሜ፣ ማን ሊገዛ እንደመጣና ማን ከሙቀት ሸሽቶ ሚዝጋን ከምንለው አየር ማቀዝቀዣችን ሥር ሊቀዘቅዝ እንደመጣ ከበር ላይ መለየት ተምሬአለሁ።

ሹታፌ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሚስቴ ከሱ ሌላ ወንድምም እህትም የላትም። እናታቸው ስትሞት እጁን ይዛ ለሚስቴ አስረከበችው፣ ሚስቴ ደግሞ ለኔ አስረከበችው። ስለዚህ እሱን ማጣት ማለት ቤቴ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ወደ ሱቁ ከመግባቱ በፊት ከናታንያ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ ዳር ያለ የጎልፍ ሜዳ ላይ ሳር አጫጅ ነበር። ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ወጣ። ከዚያ ሜዳ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር የጎልፍ በሽታው ነው።

መጥቶ ከሻንጣዎቹ በላይ ቴሌቪዥን ሰቀለ። እኔ ለገበያተኛ ዘፈን ያሰማል ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ጎልፍ ነው። አሜሪካ የተጫወቱትን በማግስቱ ደግመው ያሳያሉ፤ እሱ ደግሞ የተደገመውን ይደግመዋል።

ለማያውቅ ሰው ጨዋታው ይኸ ነው። ትንሽ ነጭ ኳስ አለች፣ ረጅም ዱላ አለ፣ ሩቅ ቦታ ጉድጓድ አለ። በጥቂት ምት ያስገባ አሸነፈ። የመጀመሪያው ምት ኳሷን ትንሽ የእንጨት ችካል ላይ አስቀምጠው የሚመቱት ነው። ከፊት እንደ ምንጣፍ የታጨደ መንገድ ይታያል፤ ግራና ቀኙ ሆን ተብሎ ያደገ ረጅም ሳር ነው። ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለህ ጉልበት መትተህ ሩቅ ትልካታለህ፣ ሳር ውስጥም ብትገባ ትግባ? ወይስ ክንድህን ቆጥበህ መንገዱ ላይ ታሳርፋታለህ?

አማቼ የሩቅ መቺዎች ወገን ነው። ስለዚህ እኔ የቀጥታ መቺዎች ወገን ሆንኩ። መጀመሪያ ላይ ለጨዋታ ነበር።

"ጋሼ፣ ያንተ ሰውዬ ቀጥ ብሎ መታ። ቀጥ ብሎም ይሸነፋል" ይለኛል።

"ያንተው ጫካ ገባ። ሲወጣ ማር ይዞ ይምጣ" እለዋለሁ።

"ከሳሩ ውስጥም ቢሆን ለጉድጓዱ ቀርቧል። ከቅርብ በአጭር ዱላ ሳር ውስጥ መምታት፣ ከሩቅ በረጅም ዱላ ምንጣፍ ላይ ከመምታት ይሻላል። ይኸ እኮ ሒሳብ ነው።"

"ሒሳብ ለኔ ነው የምታስተምረኝ?"

እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚያ ለእንጀራቸው በሚጫወቱት ዘንድ እሱ ልክ ነው። ሳምንት ከሳምንት አየሁት፤ ዋንጫውን የሚያነሳው ዛፍ የሚጥል ይመስል የሚወነጭፈው ጎረምሳ ነው። የኔ ሰውዬ፣ ፀጉሩ የሸሸው ሽማግሌ፣ መንገዱን ሳይለቅ ሄዶ ሄዶ አምስተኛ ይወጣል፤ ከዚያ ባርኔጣውን አንስቶ ያጨበጭባል። ይህን አይቼ ለአማቼ ልክ ነህ አላልኩትም። ግን አንድ ያላየው ነገር ነበር። ያ ጎረምሳ ሳር ውስጥ ሲገባ በሳሩ ዳር ሺህ ሰው ቆሞ ኳሷን ያሳየዋል። ባንዲራ ይዞ ኳስ በመፈለግ ብቻ ደመወዝ የሚበላ ሰው አለ። እንዲህ ከሆነማ ማን ሩቅ አይመታም? የኛ ቢጤ ሳር ውስጥ ሲገባ ማንም ባንዲራ አይተክልለትም። እኔ የተጣላሁት በዚህ ነው፤ በስፖርት አልነበረም።

እሱም በስፖርት አልነበረም። ራማት ፖሌግ ሁለተኛ ሱቅ እንክፈት ይል ነበር። ሰፈሩ የተመቸው ሰው ሰፈር ነው፤ እያንዳንዱ ቤት መኪና አለው። "መኪና ያለው ሰው ድስት ሊገዛ ሩቅ ይሄዳል እንጂ ሰፈሩ ያለውን አያይም" አልኩትና ነገሩን ዘጋሁት። እሱ አልዘጋውም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ኳስ በራች ቁጥር ራማት ፖሌግ ላይ የወደቀች ያህል ዓይኑ ይከተላታል።

አንድ ቀን ኤይን ሀትኽሌት ከሚባለው ሰፈር የመጣች ሴት የድስት ክዳን ስትመርጥ ያ ጎረምሳ ቴሌቪዥኑ ላይ መታ። ኳሷ ከካሜራው ጠፋች። እኔ ሳቅሁ። አማቼ ዞር ብሎ፣

"ጋሼ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ አጭር መትተህ የኖርክ ሰው ነህ" አለኝ። "መንገድ ሳትለቅ አንድ በር ላይ አርጅተህ፣ ይህን ደግሞ ጥበብ ትለዋለህ።"

ብቻችንን ብንሆን ኖሮ እውጠው ነበር። ገበያተኛ ፊት ሆነ።

"አንተስ ሩቅ መቺው?" አልኩት። "ሥራህን መታህ፣ ጠፋ። ትዳርህንም መታህ፣ እስካሁን ሳር ውስጥ ነው፤ ያገኘልህ የለም።"

ሴትዮዋ የፈታት ሚስቱ አክስት ናት። ይህን አውቅ ነበር። ክዳኑን አስቀምጣ ሳትሰናበት ወጣች። አማቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ የሱቁን ቁልፍ ምስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ሄደ።

ማታ ሚስቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"ወንድሜን በኳስ ለወጥከው?"

"አልለወጥኩትም። ራሱ ወጣ።"

"እንግዲያው ራስህ መልሰው። ሌላ የለኝም።"

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የሚያልቀው በሽማግሌ ነው። ሺኩን ቫቲኪም በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ፎቅ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውሉ ሦስት አባቶች አሉ። ከጎንደር ገጠር የወጡ፣ ደም ሳይቀር ያስታረቁ ናቸው። ወደ እነሱ ቀድሜ ሄድኩ። ሽማግሌ ጆሮ ቀድሞ የደረሰ ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ይህንንም ገበያ ነው ያስተማረኝ።

"በምን ተጣላችሁ?" አሉኝ ትልቁ።

"በኳስ ነው አባባ። የታጨደ መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ውጭ ደግሞ ያልታጨደ ሳር አለ። እኔ በመንገዱ ሂድ አልኩ። እሱ ሳር ውስጥ ብገባ ምን ቸገረኝ አለ።"

"ሳሩ የማን ነው?"

"የሰው ነው። የታጠረ ነው።"

"ባለቤቱ ምን ይላል?"

"ዝም ይላል።"

ሦስቱ ተያዩ። ማሽላ ውስጥ ከብቱን የለቀቀ ጎረቤት ስንት ጊዜ ዳኝተዋል። እኔ ከብት የሚል ቃል አልወጣኝም፤ ራሳቸው ነዱት። መሐከለኛው ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸው። "ያላየነውን አንፈርድም። ሁለታችሁም እፊታችን ምቱ" አሉ።

አማቼ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ሜዳው ላይ ካሉት የድሮ ባልደረቦቹ ጋር ተነጋግሮ፣ ተጫዋች ሳይመጣ በማለዳ እንድንገባ አስፈቀደ። ሽማግሌዎቹንም እኔንም በራሱ መኪና ወሰደን። መንገዱን ሙሉ ለአባቶች ጨዋታውን አስረዳ፤ ለኔ ቃል አልተናገረም። አባቶች ኩታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ያን ሁሉ ልምላሜ ሲያዩ ቆሙ።

"ይህን ሁሉ ውሃ አጠጥተው፣ አንድ ጥጃ እንኳ አያሰማሩበትም?" አሉ ትንሹ።

"አያሰማሩም አባባ።"

"ግፍ ነው።"

አማቼ ቀድሞ መታ። ያየሁትን አልክድም። ሰውነቱ እንደ ገመድ ተጠመዘዘና ተፈታ፤ ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲሰበር ያለ ነበር። ኳሷ ወጥታ ወጥታ፣ ከባሕሩ ንፋስ ጋር ወደ ቀኝ ተመልሳ፣ ረጅሙ ሳር ውስጥ ገባች። በጣም ሩቅ ነበር። በሕይወቱ እንዲህ መትቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ወደኔ ሳይሆን ወደ አባቶች ዞሮ ፈገግ አለ።

እኔ በር ላይ አቧራ እንደሚጠርግ ሰው ገፋ አደረግኋት። እየተንከባለለች የሱን ግማሽ ሳትደርስ፣ የታጨደው መካከል ቆመች።

አባቶች ራቅ ብለው ተመካከሩ። ሲመለሱ ትልቁ ለአማቼ ተናገሩ።

"የሱ ኳስ አለች፤ ቆማ እናያታለን። ያንተ የሰው ሳር ውስጥ ናት። በዚያ ላይ ታላቅህን በገበያ ሰው ፊት አዋርደሃል። የሱን አፍ ያስከፈትከው አንተ ነህ። ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ፣ እሱም ይቅር ይበልህ፣ ወደ ሥራችሁ ግቡ።"

"አባባ፣ በጨዋታው ሕግ ሳሩ ጥፋት አይደለም" አለ አማቼ። "ሄጄ ከዚያው እመታታለሁ። ቀርቤአለሁ እኮ።"

"የሰው ሳር ገብቶ ጥፋት የለም የሚል ሕግ እኛ ዘንድ የለም።"

ወደኔ ዞረ። "ጋሼ፣ አንተ ታውቃለህ። ንገራቸው።"

"ዳኞቹ እነሱ ናቸው" አልኩት።

 ከዚያ አንገቱ ላይ የሚሸከመው ድንጋይ ሊፈልግ ጎንበስ አለ። ጎልፍ ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም። ዓመታት ሙሉ ጠጠር ሳይቀር እየለቀመ የጣለው ራሱ ነው፤ ማጨጃው እንዳይሰበር። በታጨደው ፈለገ፣ በዛፎቹ ሥር ፈለገ፣ አጣ።

"ከመኪናው ማቆሚያ አይጠፋም" አሉት ትንሹ አባት።

"ላምጣ" ብሎ ሄደ።

ቆመን ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ ሞተር ሲነሳ ሰማን። ድምፁ እየራቀ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ።

"ሄደ?" አሉ ትልቁ።

"ሄደ።"

"ድንጋይ ፍለጋ ነው?"

"አይመስለኝም አባባ።"

ከዘራቸውን እየተደገፉ ፀሐይ ላይ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። አንዳቸውም ክንዴን አልያዙም። አውቶቡስ ውስጥ ትልቁ ከጎኔ ተቀመጡ።

"ልጁ ያለው እውነት ነው? በጨዋታው ሕግ ሳር የገባ አይቀጣም?"

"አይቀጣም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?"

"አልጠየቃችሁኝም።"

"ያልጠየቅነውን ሸጥክልን ማለት ነው" አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ እስከ ናታንያ ፊታቸውን አልመለሱም። ከዚያ ቀን ወዲህ በአግዳሚያቸው በኩል ሳልፍ ሰላምታዬን ይመልሳሉ። ተቀመጥ አይሉኝም።

አማቼ ደቡብ ወርዶ ለከተማ አትክልት ሥራ ተቀጠረ አሉኝ። የሱቁን ድርሻ እንኳ ሊጠይቅ አልመጣም። ይህን ነበር የጠበቅሁት፤ ድርሻ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ይሸመገላል። ሁለት ጊዜ በሚስቴ ስልክ መልእክት ልኬለታለሁ። በመጀመሪያው ወሬ ለወጠባት። በሁለተኛው "ጋሼን ቀጥ ብለህ ኑር በይልኝ" አላት። እንዳለ ነገረችኝ፤ ቃሉን አላለሰለሰችም።

ቴሌቪዥኑን አውርጄ ለጎረቤቴ ለአትክልት ሻጩ ሰጠሁት። እሱ ዘፈን ያሰማበታል።

ሚስቴ ወንድሟን ልታይ ብቻዋን በአውቶቡስ ትሄዳለች። ከኔ ጋር ስለ ድስትና ስለ ልጆች እንነጋገራለን።

ሱቁ ሙሉ በሙሉ የኔ ሆኗል። አማች የለኝም።