መንገድ የሌላት ዋና ከተማ

የእስር ቤቱ ክፍል ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሠላሳ ሰው ግድግዳ ተደግፎ እግሩን ዘርግቷል፤ የኔ እግር ማሳረፊያ ግን አልነበረም። ለአዲስ ገቢ ያለው ቦታ በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ነው። እዚያው ኩርምት አልኩ።

በክፍሉ ደንብ አዲስ ገቢ የሚያውቀውን ያስተምራል። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ በሦስተኛው ቀን ተራዬ ደረሰ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አላስካን መረጥኩ። ጣቴን ውሃ እያስነካሁ ካርታዋን ሲሚንቶው ላይ ሣልኩ፤ ዘበኛ ቢመጣ እንኳ ቶሎ ይደርቃል። ከአሜሪካ ግዛቶች በስፋት አንደኛ ናት፣ አሜሪካ ከሩሲያ ነው የገዛቻት አልኩ። ያን ጊዜ ሩሲያ የደርግ ወዳጅ ናትና አንዳንዱ በሩን ማየት ጀመረ። ቀጠልኩ፦ ዋና ከተማዋ ጁኖ ናት፤ ከሌላው አገር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፣ የሚገባው በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ነው።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አሉ አንድ ሽማግሌ። በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። "አንተ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ። መኪና የማይገባበት ዋና ከተማ የት ነው ያለው?"

ሁሉም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ሹክሹክታ መጣ። የሚዋሽ አዲስ ገቢ ማለት እዚያ ጆሮ ጠቢ ማለት ነው። ስጠጋ ወሬ ይቆማል፣ ምግብ ሲበላም የሚጠራኝ የለም። የክፍሉ ካቦ "ተሳስቻለሁ በልና ይለፍ" ብሎ መከረኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ፤ በዚያ ቦታ ብቻዬን መቅረት ከምርመራውም ባሰብኝ። ግን ደግሞ ግትር ነኝ፣ ባለቤቴን ጠይቁ። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን ከባልዲ ለመራቅ ብዬ ልለውጥ?

በማግስቱ ተነሥቼ "መንገድ የላትም" አልኩ።

ሽማግሌው ትንሽ አዩኝና ወደ ካቦው ዞሩ። "ይሄ ልጅ ጆሮ ጠቢ ቢሆን ኖሮ፣ እኛን ደስ ለማሰኘት መንገዱን ይሠራልን ነበር" አሉ። ከዚያ ምንጣፋቸው ላይ ፈቀቅ ብለው "ና፣ ጠጋ በል" አሉኝ። እንደተሾመ ሰው ደስ አለኝ።

አሁን ቶሮንቶ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ሽማግሌውንም ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ አምጥታቸዋለች፤ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር ነው ያሉት። ባለፈው ሳምንት ኦፍ ስሆን ላይብረሪ ወሰድኳቸውና ትልቁን አትላስ ገለጥኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጁኖን አገኙ። ከከተማዋ የምትወጣ አንዲት ቀይ መስመር ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ በጣታቸው ተከተሏት። ጥቂት ሄዳ አለቀች።

"ውይ! እውነትም የለም!"

"ታዲያ ያኔ እንዴት አመኑኝ፣ ጋሼ?"

"መንገዱን መች አመንኩ?" አሉ አትላሱን እየዘጉ። "አንተን ነው እንጂ።"

ስንመለስ ባሱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። እሳቸው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ፣ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው "ና፣ ጠጋ በል" አሉኝ። ያ ሁሉ ወንበር እያለ፣ ጠጋ አልኩ።